የቆየ የምህንድስና ሶፍትዌርን በአዲስ ስርዓተ ክወና ላይ ማስኬድ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ፕሮግራም?

ለዓመታት ያገለገለ የስሌት ወይም የንድፍ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በተቀየረ ማግስት አልነሳም ሲል፣ የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ሶፍትዌር በዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚገኘው መልስ ግን ለውሳኔ አይበቃም። አንድ የምህንድስና ፕሮግራም ተጭኖ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ኢንስቶለሩ (ጫኙ)፣ ፈቃዱን የሚፈትሸው ክፍል፣ ድራይቨሩ (መሣሪያን ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኘው ክፍል)፣ ሥዕሉን በስክሪን ላይ የሚያወጣው ክፍልና ስሌቱን የሚሠራው ሞተር በየተራ ከስርዓተ ክወናው ጋር ይገናኛሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲወድቅ የቀሩት ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ከአዲሱ ስርዓት ጋር ያልተስማማው የትኛው ክፍል ነው?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መንገዶች እያንዳንዳቸው አንዱን ችግር በደንብ ይፈታሉ፤ ሌላውን ግን ጨርሶ አይነኩትም። የፕሮግራሙን ዕድሜ ብቻ አይቶ መንገድ የሚመርጥ ሰው ቀላሉን ሥራ ያከብዳል፣ ወይም በማይሠራ መፍትሔ ላይ ሳምንቱን ያባክናል።

ጉዳዩ ዛሬ የከበደበት ምክንያት አለው። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት እትም (የቢት ቁጥሩ በአንድ ጊዜ የሚሠራበትን የመረጃ መጠን ያመለክታል) ስለነበረው በጣም የቆዩ ፕሮግራሞች መጠጊያ አላጡም ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ግን የቀረበው በባለ 64 ቢት እትም ብቻ ነው።

ከምርጫው በፊት የሚጣሩ ነገሮች

የመጀመሪያው ነገር ፕሮግራሙ ባለ ስንት ቢት እንደሆነ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ያለ ብዙ ችግር ያስኬዳል፤ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችን ግን በራሱ ፈጽሞ አያስኬድም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከወጡት ፕሮግራሞች መካከል ራሳቸው ባለ 32 ቢት ሆነው ኢንስቶለራቸው ባለ 16 ቢት የሆነ ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም «በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» የሚል መልእክት ሲያመጣ፣ እንቢ ያለው ፕሮግራሙ ሳይሆን ጫኙ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጫኙ ጤነኛ ሆኖ ሆን ብሎ የሚከለክልበት ጊዜ አለ። የንድፍ ፕሮግራሙ ኦቶካድ ባለ 64 ቢት እትም ይዞ የመጣው በ2008ቱ ዕትሙ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ ባለ 32 ቢት ዕትሞቹ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲያገኙ አንጫንም ይላሉ።

ሁለተኛው ዶንግል፣ ማለትም የፈቃድ ማረጋገጫ ቁልፍ ነው። ፈቃዱ በአታሚ ገመድ ፖርት ወይም በዩኤስቢ በሚሰካ ቁልፍ የሚረጋገጥ ከሆነ፣ ቁልፉን ለማንበብ ድራይቨር ያስፈልጋል፤ ድራይቨር ደግሞ በስርዓቱ እምብርት ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ባለ 32 ቢቱ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሊጫን አይችልም። ባለ 64 ቢት ድራይቨር ቢገኝ እንኳ ዲጂታል ፊርማ ያስፈልገዋል፤ በብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ከፋብሪካው በርቶ የሚመጣው «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» የተባለው ጥበቃም የቆዩ ድራይቨሮችን ያግዳል። ዶንግሉ የዩኤስቢ ከሆነ ግን ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ቁልፉን የሠራው ድርጅት ከሶፍትዌሩ አምራች የተለየ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ ከተተወ በኋላም ቢሆን ለቁልፉ አዲስ ድራይቨር አውጥቶለት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት የቁልፉ አምራች ገጽ ነው።

ሦስተኛው የፈቃዱ ዓይነት ነው። በኢንተርኔት የሚነቃ ፈቃድ የአምራቹ ማንቂያ ሰርቨር ከተዘጋ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይነቃም፤ ይህን ችግር ከሚቀጥሉት መንገዶች አንዱም በራሱ አይፈታውም። በዚህ ጊዜ ያለው አማራጭ ለአምራቹ ጽፎ ቋሚ የማንቂያ ኮድ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ ሳለ ማቅረብ ከተቃጠለ በኋላ ከማቅረብ እጅግ ይሻላል።

ፕሮግራሙ ያስፈልግዎታል ወይስ ፋይሉ?

በእኔ ግምት አሮጌውን ሶፍትዌር ለማስነሳት ከሚደክሙት ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ፕሮግራሙን ሳይሆን በእሱ የተሠሩትን ሥዕሎችና ሞዴሎች ነው። እንዲህ ከሆነ ከሁሉ አጭሩ መንገድ ፋይሉን መለወጥ ነው፤ ስርዓተ ክወናውም፣ ዶንግሉም፣ ፈቃዱም ከነጭራሹ ከጉዳዩ ይወጣሉ።

አንድ የዲደብልዩጂ (የኦቶካድ ሥዕል) ፋይል በየትኛው የኦቶካድ ትውልድ እንደተቀመጠ ለማወቅ ኦቶካድ አያስፈልግም። የፋይሉን ቅጂ በኖትፓድ ሲከፍቱት የማይነበብ ምልክት ይሞላል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላትና አኃዞች ግን ይነበባሉ። ኤሲ1014 (AC1014) ካለ የኦቶካድ 14፣ ኤሲ1015 ካለ ከ2000 እስከ 2002 ያሉት ዕትሞች፣ ኤሲ1018 ካለ ከ2004 እስከ 2006፣ ኤሲ1032 ካለ የ2018ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ዕትሞች ፎርማት ነው። እነዚህን ሁሉ በነጻ የሚገኘው ዲደብልዩጂ ትሩቪው አንብቦ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይለውጣል። የፎንትና የውጭ ማጣቀሻ ፋይሎች ከሥዕሉ ጋር አብረው ካልተወሰዱ ግን ጽሑፉ ቅርጹን ይቀይራል፤ ስለዚህ የሚገለበጠው አንዱ ፋይል ብቻ ሳይሆን ሙሉው ፎልደር ይሁን።

በነጻ የሚሠራጩት የውኃ ምህንድስና ፕሮግራሞች ጉዳይ ከዚህም ይቀላል። የውኃ ማከፋፈያ ኔትወርክ የሚያሰላው የኢፓኔት ግብዓት ተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ዕትም 2.0 የተሠራን ኔትወርክ ከ20 ዓመት በኋላ የወጣው ዕትም 2.2 ይከፍተዋል። የወንዝ ፍሰት የሚያሰላው ሄክራስም በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ስርዓተ ክወና) ዘመን ለነበረው ለሄክ2 የተዘጋጀን መረጃ የማስገባት አማራጭ አለው። እንዲህ ባሉት ላይ አሮጌውን ዕትም መጫን የሚያስፈልገው የቀድሞውን ውጤት በትክክል ደግሞ ማሳየት ግዴታ ሲሆን ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ግንባታ በተሠራበት ስሌት ላይ ክርክር ሲነሳ፣ አዲሱ ዕትም የተለየ መነሻ ግምት ሊጠቀም ስለሚችል፣ ሥራው በተሠራበት ዕትም መድገሙ ተገቢ ይሆናል።

በአዲሱ ስርዓት ላይ በቀጥታ መጫን

ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ሆኖ ዶንግል ከሌለው፣ በቀጥታ መጫን ሊሞከር የሚገባው የመጀመሪያ መንገድ ነው። በፕሮግራሙ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርገው በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ፣ ፕሮግራሙ ራሱን በዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም በዊንዶውስ 7 ላይ እንዳለ እንዲቆጥር የሚያደርግ ምርጫ ያገኛሉ። ይህ ምርጫ ለፕሮግራሙ የሚነገረውን የስርዓቱን ስምና አንዳንድ ጠባዮች ይለውጣል እንጂ አሮጌውን ስርዓት አያመጣም። «የማላውቀው ዊንዶውስ ነው» ብሎ የቆመን ፕሮግራም ያስነሳዋል፤ ድራይቨር የጎደለውን ወይም ባለ 16 ቢት የሆነውን ግን ምንም አይጠቅመውም። በዚያው ገጽ ላይ ያለው የከፍተኛ ዲፒአይ (የስክሪን ጥራት) ማስተካከያ ለንድፍ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ከዕትም ምርጫው በላይ ይረዳል፤ የመሣሪያ ምልክቶቹ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ አንሰው ወይም የመገናኛ ሳጥኑ ቁልፎች ከስክሪኑ ውጭ ወጥተው ከሆነ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ የሚሠራ ስለሚመስል በቀላሉ አይታይም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ በቆየ የውኃ መስመር መንደፊያ የሦስት ቀን ሥራ ሠርቶ አስቀምጦ ነበር። ፕሮግራሙን ሲከፍት ፋይሉ አለ፤ በፋይል ኤክስፕሎረር ወደ ፕሮግራሙ ፎልደር ሲገባ ግን የለም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ሰው ስም ሲገባም ፕሮግራሙ ራሱ ፋይሉን አያገኘውም። ጠፍቷል ብሎ እንደገና ሊጀምር ሲል ነው የደረስንበት። ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ተራ ተጠቃሚ በ«ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ እንዳይጽፍ ይከለክላል፤ የቆየ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በዚያ ሊጽፍ ሲሞክር ግን ስህተት ከማውጣት ይልቅ ፋይሉን በተጠቃሚው የግል «አፕዳታ» ውስጥ «ቨርቹዋልስቶር» ወደተባለ የተደበቀ ቦታ ያዞረዋል። የባልደረባዬ ሥራ እዚያ ተቀምጦ ነበር። መከላከያው ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙን ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ውጭ፣ በሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ በተከፈተ ፎልደር ይጫኑት፤ የፕሮጀክት ፋይሎችንም ከፕሮግራሙ ፎልደር ይለዩ።

የፎልደሮቹ ስም አጭር፣ ክፍት ቦታ የሌለውና በላቲን ፊደል የተጻፈ ይሁን። በዊንዶውስ የግዕዝ ፊደል ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን ሁሉ ከያዘው የቁጥር ሥርዓት) በፊት የነበረ የራሱ ኮድ ገጽ (የፊደል ሰንጠረዥ) የለውም፤ ስለዚህ ዩኒኮድ የማያውቅ ፕሮግራም በአማርኛ የተሰየመን ፎልደር የሚያየው እንደ ጥያቄ ምልክቶች ድርድር ነው፤ ሊከፍተውም አይችልም። የተጠቃሚው ስም ራሱ በአማርኛ ከሆነ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚጻፉበት መንገድ ስለሚበላሽ ፕሮግራሙ ምክንያቱን ሳይናገር ይዘጋል።

የእገዛ ፋይሉ ባይከፈትልዎ አይደንግጡ። የቀድሞው የኤችኤልፒ ፋይል አንባቢ ከዊንዶውስ ከወጣ ቆይቷል፤ በስሌቱ ላይ የሚያስከትለው ነገር የለም።

ቨርቹዋል ማሽን

አንድ መንገድ ብቻ እንድመክር ብጠየቅ ይህንን እመርጣለሁ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ በመስኮት የሚከፈት፣ የራሱ ዲስክና የራሱ ስርዓተ ክወና ያለው ሌላ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 ሲጫን፣ ባለ 16 ቢቱ ኢንስቶለርም፣ ባለ 32 ቢቱ ድራይቨርም፣ የተተወው የእገዛ ፋይልም በየራሳቸው ዘመን ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ባለ 64 ቢት እትም መጫን የመንገዱን ዋና ጥቅም ማጥፋት ስለሆነ በተለይ ይጠንቀቁ።

ከሌሎቹ መንገዶች የሚለየው ትልቁ ጠባዩ ሁሉም ነገር በጥቂት ፋይሎች ውስጥ መቀመጡ ነው። ፕሮግራሙ ተጭኖ፣ ፈቃዱ ነቅቶ፣ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ማሽኑን ዘግተው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ቢገለብጧቸው፣ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በቀጥታ ከተጫነ ፕሮግራም ይህን ማግኘት አይቻልም።

ቨርቹዋል ማሽን ከሚፈጥሩት ከሚታወቁት ሦስት ፕሮግራሞች መካከል ምርጫው በዋናነት በዶንግሉ ላይ ይወሰናል። ቨርቹዋልቦክስና ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ከኮምፒውተሩ ጋር የተሰካን የዩኤስቢ ቁልፍ ለቨርቹዋል ማሽኑ በቀጥታ አሳልፈው ይሰጣሉ፤ ሃይፐርቪ ግን ይህን በቀጥታ አያደርግም። ሃይፐርቪ በዊንዶውስ ሆም እትም ውስጥም የለም። ስለዚህ የዩኤስቢ ዶንግል ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱን ይያዝ፤ ዶንግል የሌለውና የፕሮ እትም ያለው ሰው ግን ተጨማሪ ሶፍትዌር ሳይጭን በሃይፐርቪ ሊገላገል ይችላል። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ድክመቱንም መናገር ተገቢ ነው። ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ማሽከርከር በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይዘገያል፤ የግራፊክስ ካርዱ ሙሉ ኃይል ወደ ውስጥ አይደርስም። በሁለት አውታር ሥዕል፣ በፍሬም ትንተናና በውኃ ስሌት ላይ ይህ አይሰማም፤ ከባድ የሜካኒካል ሞዴል ላይ ግን ያሰለቻል። ፈቃድም ሁለት ጊዜ ይታሰብበታል፦ አንደኛ፣ በውስጥ የሚጫነው ዊንዶውስ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከኮምፒውተር ጋር ተሽጦ የመጣ የኦኢኤም ፈቃድ ደግሞ ከዚያ ኮምፒውተር ጋር የታሰረ ነው። ሁለተኛ፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ከኔትወርክ ካርድ አድራሻ ወይም ከዲስክ መለያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ማሽኑን ሲገለብጡ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙ አዲስ አድራሻ ስለመስጠት የሚጠይቀውን ምርጫ ነባሩን አድራሻ እንዲይዝ አድርገው ይመልሱት።

ደህንነቱ በአንድ እርምጃ ይጠበቃል፤ የቨርቹዋል ማሽኑን ኔትወርክ ካርድ ያጥፉት። የስሌት ፕሮግራም ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ በቨርቹዋልቦክስና በቪኤምዌር ፋይል በጋራ ፎልደር በኩል ይገባል፣ ይወጣል።

አሮጌውን ኮምፒውተር ማቆየት

ቨርቹዋል ማሽን የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እሱም ፕሮግራሙ በቀጥታ ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ነው። የአታሚ ፖርት ዶንግል አንዱ ነው። ከዩኤስቢ ወደ አታሚ ፖርት የሚቀይሩት ገመዶች በአብዛኛው ለአታሚ ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ዶንግሉን አያሳዩም፤ በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የፖርት ካርድም ቢሆን የሚሰጠው አድራሻ የቆየው ድራይቨር ከሚፈልገው የተለየ ይሆናል። የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችን የሚያዝዙ፣ የመለኪያ ካርድ የሚያነቡና የቆየ ቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያ) መረጃ የሚያራግፉ ፕሮግራሞችም እዚህ ይመደባሉ።

ግንኙነቱ በሲሪያል ፖርት ከሆነ ግን ኮምፒውተሩን ከማቆየት በፊት ሁለት ነገሮችን ይሞክሩ። የቆዩ ፕሮግራሞች ከኮም1 እስከ ኮም4 ያሉትን ብቻ ሊያውቁ ይችላሉ፤ አዲሱ የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ኮም7 ወይም ኮም11 ተብሎ ይመዘገባል። በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ግንኙነቱ ተጀምሮ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ፣ ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ ባላቸው ገመዶች ላይ መረጃን ሰብስቦ የሚያቆይበት ጊዜ ከፋብሪካው 16 ሚሊሰከንድ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ይህን ወደ 1 ወይም 2 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል።

ኮምፒውተሩ የሚቆይ ከሆነ ከኔትወርክ ይውጣ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የተዛመተው በቀድሞው የፋይል መጋሪያ ሥርዓት፣ ማለትም በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው፤ ኤክስፒ ደግሞ ከዚያ ሌላ አያውቅም። አዲሱ ዊንዶውስ ይህን ሥርዓት አጥፍቶ ስለሚመጣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ፋይል መጋራት ሲያቅታቸው፣ አንዳንዶች በአዲሱ ላይ መልሰው ያበሩታል፤ ይህ አዲሱንም ለአደጋ ማጋለጥ ነውና አልመክረውም። ቫይረስ የተፈተሸ ፍላሽ ይበቃል። ሃርድ ዲስኩም ዕድሜውን ስለጨረሰ፣ ዛሬውኑ የይዘቱ ሙሉ ቅጂ (ዲስክ ኢሜጅ) ይወሰድለት።

በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አሮጌውን ዊንዶውስ ጎን ለጎን መጫን ግን ከእንግዲህ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የዊንዶውስ 7 መጫኛ ዩኤስቢ 3ን ስለማያውቅ ማውሱና ኪቦርዱ በመጫኑ መሐል ሊሞቱ ይችላሉ፤ ኤክስፒ ደግሞ የዘመኑን ዲስክ ሳያገኘው በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ለግራፊክስ ካርዱም ለእነዚህ ስርዓቶች የተሠራ ድራይቨር አይገኝም።

የዶስ ፕሮግራሞች

ለእነዚህ ዶስቦክስ የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለጨዋታ ነው። ዶስቦክስ ፕሮሰሰሩን ራሱን በሶፍትዌር ስለሚመስል፣ የአስርዮሽ ስሌት ላይ ከእውነተኛው ፕሮሰሰር ጋር እስከ መጨረሻው አኃዝ ላይስማማ ይችላል። ለስሌት ሥራ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ፍሪዶስ (ነጻ የዶስ ዓይነት) ወይም ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ጭኖ መሥራት የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ቨርቹዋል ማሽን የስሌት ትእዛዞችን የሚያስኬደው በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ ነው። የቀድሞ ውጤቶችን ለማየት ብቻ ከሆነ ዶስቦክስ ይበቃል።

ሥራ ላይ ከማዋል በፊት

ፕሮግራሙ ተነሳ ማለት በትክክል አሰላ ማለት አይደለም። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር የተሠራና ውጤቱ በወረቀት ታትሞ ያለ አንድ ሙሉ ሞዴል ተመርጦ በአዲሱ ላይ ይሂድ። በስትራክቸር ሞዴል ላይ የድጋፎቹ ቀጥ ያለ ግብረ መልስ ድምር ከጠቅላላው ጭነት ጋር እኩል መሆኑ፣ ከዚያም ትልቁ መተጣጠፍና ትልቁ ሞመንት ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆናቸው ይታያል። በኮምፓቲቢሊቲም ሆነ በቨርቹዋል ማሽን ያው ዕትም ሲሠራ ቁጥሮቹ መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያለው የክልል ማስተካከያ ነው፤ የአስርዮሽ ምልክቱ ነጥብ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ ከሆነ የቆየ ፕሮግራም 2.5ን 2 ብሎ ሊያነብ ይችላል። ወደ አዲስ ዕትም በተለወጠ ሞዴል ላይ ግን ልዩነት መኖሩ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ልዩነቱ ከየትኛው መነሻ ግምት እንደመጣ ሳይታወቅ ውጤቱን በሥዕል ላይ ማዋል ነው ስህተቱ።

ሙከራው ካለፈ በኋላ የኢንስቶለሩ ፋይል፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ የድራይቨሩ ቅጂና ያው የሙከራ ሞዴል ከታተመው ውጤት ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጡ፤ ኮምፒውተሩ ትልቅ የስርዓት ማሻሻያ ባገኘ ቁጥርም ሞዴሉ እንደገና ይሂድ።